አዳኝ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ለምን ይከፍላል?

(መግቢያ ሙዚቃ፣ ቀስ እያለ ይጠፋል)

የደጋ አጋዘንን ታውቁታላችሁ? ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም። የሳይንስ ዓለም የተዋወቀውም በአዳኝ ጥይት ነው፤ እንግሊዛዊው ሻለቃ በክስተን እ.ኤ.አ. በ1908 ከገደለው በኋላ ነው እንስሳው ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው።

ዛሬ በአርሲና በባሌ፣ ለምሳሌ ከሐዋሳ ብዙም በማይርቀው ሙኔሳ ኩኬ፣ ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች አሉ። የውጭ አገር አዳኝ ፈቃድ ገዝቶ፣ በኮታ፣ ከደጋ አጋዘን ወንዱን ብቻ ያድናል። ብዙ አዳኞች «እኛ የምንከፍለው ለጥበቃው ነው፤ እኛ ከቀረን ደኑ እርሻ ይሆናል» ይላሉ። ይህን ክርክር ማጣጣል አይገባም። ደኑን ያለ ገቢ መጠበቅ ከባድ ነው።

ተቃዋሚዎች ደግሞ ትልቅ ቀንድ ያለው ወንድ እየተመረጠ መገደሉ ለመንጋው አይበጅም ይላሉ። ኮታው በትክክለኛ ቆጠራ ላይ ካልተመሠረተ ስጋታቸው እውነት ነው።

እኔ ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የደኑ ጎረቤት ገበሬ ነው። ማሳው በእንስሳት ሲጎዳበት ከአደኑ ገንዘብ ካልደረሰው ለምን ይጠብቃል? የሚመለከታችሁ ኃላፊዎች፣ ገቢው ለአካባቢው ሕዝብ ምን ያህል እንደደረሰ በየዓመቱ በይፋ ንገሩን።