የጥቅሉ ሊንክ

እሱ፦ «ከፖስታ ቤት ጥቅል መጥቶልሻል፤ 14 ሼቄል ክፈይ» የሚል መልእክት እኛ ሰፈር፣ ቤርሸባ ሽኩና ሄም ይገባል።

እሷ፦ የፖስታ ስም የለበሰ ሌባ ነው! ሊንኩን ነክተው የካርዱን ቁጥር ከነጀርባው ሦስት አሃዝ ከሰጡ አለቀ።

እሱ፦ ሀብታምም እኮ ይሸወዳል።

እሷ፦ ይሸወዳል፤ ግን ጠበቃ አለው። ቢቱዋሕ ሌኡሚ (ብሔራዊ መድን) የሚያስገባላቸውን ጡረታ የሚጠብቁት እማማ ግን ወሩን በምን ይገፉታል? መልእክቱም በዕብራይስጥ ነው፤ የምታነብላቸው የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ናት።

እሱ፦ የሚገርመው፣ የአገሪቱ የሳይበር አደጋ ማእከል እዚሁ ቤርሸባ ነው፤ ደመወዙ ዳጎስ ያለ የሃይ ቴክ ሠራተኛም ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ባለው የጋቭ ያም የቴክኖሎጂ ፓርክ ሞልቷል።

እሷ፦ እንጠቀምባቸዋ! ወደ ሳይበር ማእከሉ 119 ደውሉ። መጀመሪያ ግን ካርዱን አስዘጉ፤ የምትደውሉበትን ቁጥር ከካርዱ ጀርባ እንጂ ከመልእክቱ አትውሰዱ።

እሱ፦ «ከባንክ ነኝ፣ የደረሰሽን ኮድ ንገሪኝ» የሚል ቢደውልስ?

እሷ፦ ጆሮው ላይ መዝጋት ነዋ።