ካምቢዮውን ማን ያውርደው?

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ፍሪሲዮን ነው። ማርሽ እየቀየረ የሚነዳ ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ የሚደርስበት ጉዳይ ነው።

ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ እየወጣችሁ ነው እንበል። ነዳጅ ትሰጣላችሁ፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን እንደማዝገም ይላል። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው መስኮቱን እየከፈተ «ፍሪሲዮኑ አልቋል» ይላችኋል። ማታ ቤት ገብታችሁ ስልካችሁን ስትከፍቱ ደግሞ አንድ ሰው በግቢው ውስጥ ብቻውን ካምቢዮ አውርዶ፣ ፍሪሲዮን ቀይሮ፣ እጁን ሲታጠብ ታያላችሁ። እናም ጥያቄው ይመጣል፤ እኔስ ለምን ራሴ አልቀይረውም?

ጥያቄውን አልንቀውም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ምን ያህል እንደናረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ዛሬ በእጃችን ያለችው ኮሮላ ወይም ላዳ ገና ብዙ ዓመት እየተጠገነች የምታገለግል ናት። ባለቤቷ ሆዷን ማወቁ ተገቢ ነው እላለሁ።

ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት ግን በሽታው በእርግጥ ፍሪሲዮን መሆኑ ይታወቅ። ፍሪሲዮን በሞተሩና በካምቢዮው መሀል ያለ ማገናኛ ነው። ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባዱ ብረት ቮላኖ ይባላል። ከቮላኖውና በላዩ ከታሰረው መጫኛ መሀል ሸራው አለ። ሁለት መዳፍ ወረቀት ጨብጦ እንደሚይዝ፣ ቮላኖውና መጫኛው ሸራውን ጨብጠው አብረው ያዞሩታል። ፔዳሉን ስትረግጡ ኩሽኔታው መጫኛውን ይገፋና ሸራው ይለቀቃል። ሸራው ሲሳሳ ወይም ዘይት ሲነካው ጭበጣው ይላላል፤ ሞተሩ ብቻውን የሚጮኸው ለዚህ ነው።

ለማረጋገጥ ሜዳ ቦታ ቁሙ። ከፊትም ከኋላም ሰው አለመኖሩን እዩ። የእጅ ፍሬን ጥብቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገቡና ፍሪሲዮኑን ቀስ እያላችሁ ልቀቁ። ደህና ከሆነ ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ይጠፋል። ምንም እንዳልተፈጠረ መዞሩን ከቀጠለ ሸራው መያዝ አቅቶታል ማለት ነው። ሙከራውን አትደጋግሙት፣ የተረፈውንም ይጨርሰዋል።

ችግሩ ማርሽ አልገባ ማለት ከሆነ ግን ቆም በሉ። የኋላ ማርሽ እየተንገጫገጨ የሚገባ ከሆነ፣ ወይም ፔዳሉ ወለል ድረስ ወርዶ የሚቀር ከሆነ፣ ጥፋቱ የፍሪሲዮኑ ዘይት ፓምፕ ሊሆን ይችላል። የዘይቱን ዕቃ ክፈቱና ልኩን እዩ፤ ከፔዳሉ በላይና ከካምቢዮው ጎን እርጥበት ካለ ፈልጉ። በካቦ የሚሠራ ከሆነም ካቦው ረዝሞ ይሆናል። ይህንን ማንም ጠንቃቃ ሰው ግቢው ውስጥ ሊያስተካክለው ይችላል፤ ካምቢዮው ከቦታው አይነቃነቅም። ፓምፕ ብቻ ለሚያስፈልገው መኪና ሙሉ ፍሪሲዮን ተገዝቶለት ማየት በጣም ያንገበግበኛል።

እሺ፣ ሸራው በእርግጥ አልቋል እንበል። አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነው። በስልካችን የምናያቸው ሰዎች አብዛኞቹ የመካኒክ ሰዓት እጅግ ውድ በሆነበት አገር የሚኖሩ ናቸው። ዋሽንግተን ወይም ቶሮንቶ ዘመድ ያላችሁ ጠይቁ፤ ፍሪሲዮን ሲቀየር ትልቁን ገንዘብ የሚወስደው የእጅ ዋጋ ነው። ካምቢዮ ማውረድና መስቀል ሰዓት ይፈጃል፣ ሰዓቱ ደግሞ በዶላር ይቆጠራል። እዚያ ያለ ሰው ራሴ ልሥራው ቢል ብዙ ይቆጥባል። አዲስ አበባ ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል። እኛን ኪሳችንን የሚያራቁተን ዕቃው ነው። ዕቃውን ደግሞ እናንተ ብትሠሩትም መካኒክ ቢሠራውም በአንድ ዋጋ ትገዙታላችሁ። የእጅ ዋጋውን አተርፋለሁ ያለ ሰው ክሪክ፣ ቁልፍና የብረት መቆሚያ ሲገዛ ያተረፈው ተመልሶ ይሄዳል።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። የአንዲት ትንሽ መኪና ካምቢዮ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። ይህ ክብደት ከደረታችሁ በላይ ሆኖ ነው የሚፈታው። ክሪክ መኪና ለማንሳት የተሠራ ነው፤ ከሥር ሰው ገብቶ ሲሠራ ብቻውን አይታመንም። ግቢያችን ደግሞ አፈር ወይም ኮብልስቶን ነው፤ ክሪኩ ይሰምጣል፣ ያዘነብላል። ብሎኬት ደርድሮ መኪና የሚያስቀምጥ ሰው ሳይ ልቤ ይርዳል። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። እባካችሁ፣ ይህንን ማንም አያድርግ። ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ወለል፣ አራት ጠንካራ የብረት መቆሚያና ካምቢዮውን አብሯችሁ የሚይዝ ሰው ከሌለ ነገሩ እዚያው ላይ ያብቃ።

እነዚህ ሁሉ ላሉት፣ ቁልፍ መያዝም ለለመደ እጅ፣ ላዳ ጥሩ መማሪያ ናት። ካምቢዮዋ ከሞተሩ ኋላ በቁመት የተቀመጠ ስለሆነ፣ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ከተፈታ በኋላ ወደ ታች ይወርዳል። በፊት ጎማ የሚጎተት መኪና ላይ ግን ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱት ሴሚያሶች መውጣት አለባቸው፣ ሞተሩም ከላይ ወይም ከታች መደገፍ አለበት። በአራት ጎማ የሚጎተት ፒክአፕ ያላችሁ ደግሞ አትሞክሩት።

ለቀረነው የምመክረው ካምቢዮውን መካኒክ ያውርደው፣ እኛ ግን አጠገቡ እንቁም ነው። ዕቃውን ራሳችን እንግዛ፣ ሲከፈትም ሲገጠምም እንይ። በሶማሌ ተራ በኩል አንድ ጋራዥ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ወጣቱ መካኒክ ካምቢዮውን አውርዶ መጫኛውን ሲፈታ ሸራው እጁ ላይ ወደቀ። ወደ ብርሃን አወጣና «ጋሼ፣ ይዩት፣ ብረት ለብረት ሊገናኝ ነበር» አለኝ። ሸራውን የያዙት የነሐስ ቀለም ያላቸው ምስማሮች ከላዩ እኩል ሆነዋል። ቮላኖው ላይ ደግሞ በሙቀት ብዛት ሰማያዊ የሆኑ ነጠብጣቦች ነበሩ። ያለ ቶርኖ ቤት አዲሱን ሸራ እዚያ ላይ ማሰር ብክነት ነበር፤ እሱም ሳልጠይቀው ነገረኝ። እኔ ባልኖር ይህን ማን ያሳየኛል?

ከዚያ አቧራውን በኮምፕሬሰር ሊነፋ ሲል «በእርጥብ ጨርቅ ብትጠርገው» አልኩት፤ ሳያቅማማ ተወው። አሮጌ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ካንሰር የሚያመጣ ነው። ቀኑን ሙሉ እዚያ ለሚውሉት ልጆች ስንል ይህን ደፍረን እንናገር።

ሲገጠም የሚታዩ ነገሮች አሉ። ሸራው ወደ ቮላኖው የሚዞር ፊት አለው፤ ተገልብጦ ከታሰረ ሥራው ሁሉ ይደገማል። መሀሉ ካልተስተካከለ ካምቢዮው አይገባም። ያ ወጣት ከአሮጌ ካምቢዮ የተረፈ ዘንግ አስገብቶ ነው ያስተካከለው። የመጫኛውን ብሎኖች ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቀ፣ ትንሽ በትንሽ አጠበቃቸው። ካምቢዮው ተመልሶ ሲሰቀል በዘንጉ ብቻ ሸራው ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር እዩ፣ የሸራውን መሀል ያጣምመዋል። ካምቢዮ አንዴ ከወረደ ኩሽኔታውንም ቀይሩ። ከሞተሩ ኋላ ያለው የዘይት ጎሚኒ የሚያነባ ከሆነም አሁን ይቀየር። ጎሚኒው ርካሽ ነው፤ ለእሱ ብሎ ካምቢዮ ዳግመኛ ማውረድ ግን ርካሽ አይደለም።

ዕቃ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። የሸራውን ስፋትና የመሀሉን ጥርስ ቁጥር አስተያዩ። ካርቶኑ ላይ የታተመውን ስም ብቻ አትመኑ፤ አስመስሎ የተሠራ ብዙ ነው። ባለሱቁ ካልሆነ የሚመልስ መሆኑንም ከመክፈላችሁ በፊት ተነጋገሩ።

አዲሱ ፍሪሲዮን ከገባ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ጭነት አታብዙበት፣ ሸራው ከቮላኖው ጋር እስኪላመድ። ዳገት ላይ መብራት ሲይዛችሁ መኪናውን በፍሪሲዮን አንጠልጥላችሁ አታቁሙት፤ ማርሹን አውጡና የእጅ ፍሬን ያዙ።