«ውጋት ነው፣ ይለቃል» የምንለው ሕመም
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በጤና ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)

እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ሆኖም ባለፈው ዓመት በአንዲት እህታችን ቤት የደረሰው ነገር ስላስደነገጠን ባለሙያዎችን ጠይቀን የተረዳነውን ልናካፍላችሁ መጥተናል። ታሪኩን የምንነግራችሁ በእሷ ፈቃድ ነው።

ልጇ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም፤ ረጅምና ቀጭን ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ ሳለ ቀኝ ጎኑን ድንገት ወጋው። እናት «ውጋት ነው፣ ይለቃል» ብላ ጀርባውን በቅቤ አሸችው፤ ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ አፍልታ አጠጣችው። ሁለት ሌሊት አለፈ። በሦስተኛው ሌሊት መናገር እንኳ ሲያቅተው ባጃጅ ለመከራየት ገንዘብ ፍለጋ የጎረቤት በር አንኳኳች። እኛም በራችንን ከፈትንላት፤ ነገር ግን ሁላችንም ቤት ውስጥ የነበረው ሳንቲም ነው። ሆስፒታል ሲደርስ አንዱ ሳንባው ሟሽሾ ተገኘ። ዛሬ ደህና ነው፤ ሥራውን ይሠራል።

ለመሆኑ ሳንባ እንዴት ይሟሽሻል? ሳንባ ከደረታችን ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር ደረት ሲሰፋ አብሮ ይሰፋል። በመካከላቸው ሁለት ስስ ሽፋኖችና ጥቂት ፈሳሽ ብቻ አሉ። ሳንባው ተቀዶ ወይም ደረት ተወግቶ በሽፋኖቹ መካከል አየር ከገባ ሳንባው ከግድግዳው ይላቀቅና እንደተነፈሰ ጎማ ይሟሽሻል። ሐኪሞች ኒሞቶራክስ ይሉታል።

መንስኤው ብዙ ነው። በረጃጅምና ቀጫጭን ወጣት ወንዶች ላይ ያለ ምንም አደጋ ይከሰታል፤ በሳንባው ጫፍ ያለች ትንሽ የአየር ከረጢት ስትፈነዳ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ደግሞ የበለጠ ይጋለጣል። የሳንባ ነቀርሳና ሌሎች ሳንባን የሚጎዱ በሽታዎችም ያመጡታል። በመኪና ወይም በባጃጅ አደጋ የተሰበረ የጎን አጥንት፣ በጩቤ መወጋትም እንዲሁ። አልፎ አልፎ በሴቶች ላይ የወር አበባ በሚመጣባቸው ቀናት አካባቢ የሚከሰት ዓይነትም አለ። ስለዚህ በየወሩ ከወር አበባ ጋር ደረቷን የሚወጋትና ትንፋሽ የሚያጥራት እህት ካለች ሳታፍር ለሐኪም ትንገር።

ስለ ልጆቻችን አንድ ነገር እንጨምር። ኦቾሎኒ በእኛ አገር ከየቤቱ አይጠፋም። ሕፃን ልጅ ሲስቅ ወይም ሲሮጥ አንዲት ፍሬ ወደ አየር ቧንቧው ልትገባ ትችላለች። ያን ጊዜ አየር ወደ ሳንባው ክፍል መግባት ያቅተውና ያ ክፍል ይሟሽሻል። ልጁ ትን ካለው በኋላ ሳሉ ካልተወው ወይም ደረቱ ሲር ሲር ካለ «ጉንፋን ነው» ብለን አንጠብቅ፤ ፍሬዋን በመሣሪያ የሚያወጣ ሐኪም ያስፈልገዋል። አራት ዓመት ላልሞላው ልጅ ሙሉ ፍሬ አንስጥ፤ ከፈለግን ወቅጠን እናልመው።

ምልክቱን እንያዝ። ድንገት የሚጀምር፣ በአንድ ጎን የሚወጋ፣ በረጅሙ ሲተነፍሱ የሚብስ ሕመም፤ ከእሱም ጋር የትንፋሽ ማጠር። አንዳንዴ ደረቅ ሳልና የልብ ምት መፍጠን ይከተላል። ውጋት ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም እንሂድ። በሽተኛው ስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም በአንድ ትንፋሽ መጥራት ካቃተው፣ ከንፈሩና ምላሱ ከጠቆረ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀው ግን ደቂቃም አንጠብቅ። የገባው አየር መውጫ አጥቶ ልቡን እየተጫነው ሊሆን ይችላል።

ሕክምናውን ብዙዎቻችን እንፈራለን። ያቺ እናት «ልጄን ሊበሱት ነው» ብላ ስታለቅስ አይተናል። በራጅ የታየው አየር ትንሽ ከሆነና በሽተኛው ካልተቸገረ ሐኪሞች እየተከታተሉት ሰውነቱ ራሱ ይመጠዋል። ብዙ ከሆነ አየሩን በመርፌ ይስባሉ ወይም በጎድን አጥንቶች መካከል ቀጭን ቱቦ ያስገባሉ። የቱቦው ጫፍ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፤ አየሩ አረፋ እየሠራ ይወጣል፣ ውሃው ግን እንዳይመለስ ይከለክለዋል። አስታማሚ ከሆንን ጠርሙሱ ሁልጊዜ ከበሽተኛው ደረት በታች ይቀመጥ፤ ወደ ላይ አናንሳው፣ ቱቦው እንዳይታጠፍ እንጠብቅ። አየሩ መውጣቱን ሲያቆምና ሳንባው ሲሰፋ ቱቦው ይወጣል።

ከዳነ በኋላ ሕመሙ ሊመለስ ስለሚችል ሲጋራና ሺሻ ይቅርበት። ሐኪም «ሳንባህ ሙሉ በሙሉ ሰፍቷል፣ መብረር ትችላለህ» ሳይለው ከድሬዳዋ አውሮፕላን አይሳፈር። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ካለ ለነቀርሳ ይመርመር፤ ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው።

እህቶቻችን፣ ሐረር ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ ሕይወት ፋናም የጁገል ሆስፒታልም እዚያው ናቸው። ያን ሌሊት ያስቸገረን የመንገዱ ርቀት አልነበረም። በአፎቻውም በእድሩም ለቀብር ገንዘብ እናወጣለን። በማኅበራችን ሣጥን ውስጥም ያን ሌሊት ገንዘብ ነበረን፤ ልጁ ቢሞት በማግስቱ ይከፈል ነበር፣ ለሕክምና ለማውጣት ግን ደንባችን አይፈቅድም። ቁልፉ እጃችን ላይ እያለ ባዶ እጃችንን ቆምን።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ሐሳብ ያቀርባል። ከሣጥናችን ለድንገተኛ ሕመም መጓጓዣ የሚሆን ብድር በሁለት እህቶች ፊርማ፣ በሌሊትም ቢሆን፣ እንዲወጣ። ተበዳሪዋም በአቅሟ በየወሩ ትመልስ። በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ እንሰጥበታለን፤ እስከዚያ በየቤታችን ተነጋግረንበት እንምጣ። የጤና መድህን መታወቂያችሁንም አሳድሱና ሌሊት በቀላሉ የሚገኝበት ቦታ አስቀምጡት።