የማያቋርጥ ጭነትና የባለሙያው ጤና



ሐኪም አይደለሁም። ይሁንና ሐኪሞች ለሰው ሕመም የሚጠቀሙበት «ስትረስ» የሚለው ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ስለ ብረትና ስለ ድልድይ ስናሰላ ኖረንበታል። በሕክምናው ዓለም ያስፋፋው ሐንስ ሰልዬ ሲሆን፣ በጉዳዩ ላይ የመጀመሪያ አጭር ጽሑፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው።

ብረት ሊሸከመው ከሚችለው ያነሰ ጭነት እንኳ እጅግ ብዙ ጊዜ ሲመላለስበት እንደሚሰነጠቅ ሁላችንም እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1954 ሁለት የኮሜት አውሮፕላኖች በአየር ላይ የተበታተኑት፣ አካላቸው በተደጋጋሚ የአየር ግፊት ዝሎ ነው። የሰውም ሰውነት አደጋ ሲሰማው ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲዞል ያመነጫሉ፤ ልብ ይፈጥናል፤ የደም ግፊት ከፍ ይላል። ይህ ለጥቂት ደቂቃ ሕይወት ያድናል፤ ለዓመታት ሲደጋገም ግን የደም ሥርንና ልብን ይጎዳል። ልዩነቱ፣ ብረት በዕረፍት አይጠገንም፤ ሰውነት ግን ጊዜ ከተሰጠው በብዙው ይጠገናል።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ የአንድ ሕንፃ ተቆጣጣሪ ነበርሁ። ሌሊት ስምንት ሰዓት እየነቃሁ የሶሌታውን ድጋፍ እንጨት በሐሳቤ እቆጥር ነበር። ሆዴን ሲያቃጥለኝ «ጨጓራ ነው» ብዬ ወተት እጠጣለሁ። (የጨጓራ ቁስል ዋነኛ መንስኤ ባክቴሪያ መሆኑን ያሳዩት ማርሻልና ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል፤ እኛ ግን አሁንም ሁሉን በጭንቀት እናሳብባለን።) ሐኪሙ ግፊቴን ሲለካ 160 በ100 ሆነ። ቀጥሎም «እርስዎ በሌሉበት ቀን ማን ይፈርማል?» አለኝ። «ማንም» አልሁት፤ በኩራት ጭምር።

ያ ኩራት ስሕተት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በእንግሊዝ የመንግሥት ሠራተኞች ላይ የተደረገው የዋይትሆል ጥናት፣ በልብ ሕመም ይበልጥ የሚሞቱት አለቆቹ ሳይሆኑ በዝቅተኛው እርከን ያሉት መሆናቸውን አሳይቷል። ተከታዩ ጥናት ደግሞ በገዛ ሥራ ላይ የመወሰን ሥልጣን ማጣትን ከልብ ሕመም ጋር አያይዞታል። እንግዲህ ፊርማውን ሁሉ ለራሴ ስይዝ ራሴን ብቻ ሳይሆን የበታቾቼንም ስጎዳ ኖሬአለሁ ማለት ነው።

የዕለቱን የአርማታ ሙሌት ፈቃድ ለሁለት ወጣት መሐንዲሶች ሰጠሁ። ማታ ወደ ቤቴ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ስልኬን እዘጋለሁ። የሥራ ተቋራጩ አልወደደውም። ባለፈው ወር ግፊቴ 132 በ84 ነበር፤ ክኒኑንም አላቋረጥሁም።