የንጋት ሐይቅ ዓሣና እኛ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን በምናከብርበት በዛሬው ዕለት፥ እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ንግግር እንድናቀርብ ታዘናል። ስለ ምን እንናገር ብለን ብዙ ተማከርን። አንዳንዶቻችን ስለ ትምህርት ጥቅም፥ አንዳንዶቻችን ስለ አገር ፍቅር ይሁን አልን። በመጨረሻ ግን በአንድ ነገር ተስማማን፤ እርሱም በጉባ ስለ ተኛው አዲስ ሐይቅና በውስጡ ስላለው ዓሣ ነው። ከመካከላችን የጉባ ልጆች ስላሉ ነገሩ የቤታችን ነገር ነው።

እንደምታውቁት የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ በጉባ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። በሐምሌ ወር 2012 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ጀመረ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከግድቡ ኋላ ያለው ሐይቅ ንጋት ተብሎ ተሰይሟል። ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬትም ይሸፍናል። ይኸውም ከጣና ሐይቅ ስፋት ግማሽ ይበልጣል ማለት ነው።

ከዚህ ውሃ ስለሚገኘው መብራት ብዙ ተነግሯል፤ ደስታችንም የሁሉ ሰው ደስታ ነው። ስለ ዓሣው ግን የተነገረው ጥቂት ነው። ስለዚህ ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ጥቂቶቻችን ወደ ሐይቁ ዳር ወርደን ሁለት ቀን ቆየን።

እዚያም ሁለት ነገር አየን። አንደኛው፥ አጥማጆች ሌሊቱን ደክመው ካወጡት ዓሣ ብዙው በረዶ ስላልነበረና መኪናውም ስለ ዘገየ ከቀትር በኋላ ሸትቶ ተጣለ። የጉባን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ይህ አያስደንቅም። ሁለተኛው፥ ዓይኑ እጅግ ጠባብ የሆነ መረብ ሲወጣ ተመለከትን፤ በውስጡ ከጣት የማይበልጡ የዓሣ ጫጩቶች ተጠላልፈው ነበር። ለምግብም ለሽያጭም አልሆኑም፤ በአሸዋው ላይ ቀሩ።

በዚያ የነበሩ አንድ የጉሙዝ ሽማግሌ፥ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከዓባይ ዳር የኖሩና ቀያቸው በውሃ ስለ ተሸፈነ ወደ ሌላ ሠፈር የተዛወሩ፥ እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፥ ወንዙን እናውቀው ነበር። በየትኛው ወር ዓሣው በየትኛው ድንጋይ ሥር እንደሚውል አባቴ አሳይቶኛል። ይህን ሐይቅ ግን ለእናንተ ማን ያሳያችኋል?» መልስ አላገኘንም። የዛሬው ንግግራችንም ለእኒህ አባት ጥያቄ መልስ ለመፈለግ የተደረገ ሙከራ ነው።

ከመጻሕፍትና ከመምህሮቻችን እንደ ተረዳነው፥ ወንዝ ሐይቅ ሲሆን በውሃው ውስጥ ያለው ኑሮ ሁሉ ይለወጣል። በፈሳሽ ውሃ የለመደው ዓሣ ወደ ገባር ወንዞች ይሸሻል፤ የረጋ ውሃ የሚወደው እንደ ቀረሶና አምባዛ ያለው ደግሞ ይበዛል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሰጠመው ሣርና ዛፍ ሲበሰብስ ውሃውን ያዳብረዋል፤ ዓሣውም ይትረፈረፋል። ይህ ትርፍ ግን ለዘለዓለም አይቆይም። በዛምቢያና በዚምባብዌ መካከል ያለው የካሪባ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1958 መሞላት ሲጀምር የሆነው ይኸው ነው። በስፍራው የነበሩ 57,000 ያህል የቶንጋ ሰዎች ከቀያቸው ተነሡ፤ ከእነርሱም ብዙዎች አጥማጆች ሆኑ። ጥቂት ዓመታት ዓሣው ሞልቶ ተረፈ፤ ከዚያ በኋላ ግን በዳሩ የሚጠመደው እየቀነሰ ሄደ። ትርፉ ሁልጊዜ የሚኖር መስሎት ያለውን ሁሉ ለጀልባና ለመረብ ያወጣ ሰው ምን ያህል እንደሚያዝን አስቡት።

ነገር ግን ለምሳሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ የጣና ታሪክ ይበቃናል። በጣና ላይ ለብዙ ዘመን በደንገል ታንኳ ሲጠመድ ኖሮ፥ በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። ሥራው ለብዙ ሰው እንጀራ ሆነ። ነገር ግን ነጭ ዓሣ የሚባለው፥ ብዙዎቹ ወገኖቹ ከጣና በቀር በዓለም የማይገኙት ዓሣ፥ በክረምት እንቁላሉን ለመጣል እንደ ጉማራ ወዳሉት ገባር ወንዞች ይወጣል። አጥማጆችም ይህን ስላወቁ በወንዞቹ አፍ ላይ መረባቸውን ዘርግተው ይጠብቁት ጀመር። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ የዚህ ዓሣ ብዛት ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ እንደ ጎደለ በጥናት ተረጋግጧል። እናቲቱን ከነእንቁላሏ የሚያጠምድ ሰው የከርሞውን ገበያ ዛሬ በልቶ ይጨርሳል።

የእኛም ሐይቅ የራሱ ጠባይ አለው። ጣና ሰፊና ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ ንጋት ግን በግድቡ አጠገብ ከመቶ ሜትር በላይ ይጠልቃል። የዓሣ ምግብ የሚበቅለው የፀሐይ ብርሃን በሚደርስበት ውሃ ስለሆነ፥ አብዛኛው ሀብታችን ያለው በዳር ዳሩ ነው። ቀረሶም የሚራባው በዚያው ነው፤ እናቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። አምባዛ ደግሞ ውሃ ሲሞላ ወደ ተጥለቀለቀው ሣር ገብቶ ይጥላል። በበጋ ውሃው ለመብራት ሲወርድ ዳሩ ይሸሻል፤ ስለዚህ የዳሩ ውሃ በሰውም በወቅቱም ይፈተናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በእኛ አስተያየት ሦስት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፥ በክረምት ዓሣ በሚራባበት ወራት የገባር ወንዞች አፍ ከመረብ ነጻ ይሁን፤ ጠባብ ዓይን ያለው መረብም ይቅር። ብርብራ ወቅጦ ውሃ ውስጥ መጨመርም ትልቁንም ትንሹንም ስለሚጨርስ ፈጽሞ ሊተው ይገባል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የሚቀረው ሕጉን ዳር ላይ ላለው ሰው በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ነው። ሁለተኛ፥ በረዶ እስኪደርስ ድረስ ዓሣውን ሰንጥቆ፥ በጨው አሽቶ፥ በፀሐይ ወይም በጢስ ማድረቅ ይቻላል። እናቶቻችን የሥጋ ቋንጣ ያውቃሉ፤ የዓሣውም ዘዴ ከዚያ አይርቅም። በጾም ወራት ዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ ገበያው አይጠፋም። ሦስተኛ፥ የመጀመሪያው ዕድል ቀያቸውን ለሐይቁ ለለቀቁ ሰዎች ልጆች ይሰጥ። ወንዙን የሰጠ ሰው ከሐይቁ ዳር ቆሞ የሌላውን ጀልባ ብቻ መቁጠር የለበትም።

እኛም ከመናገር አልፈን አንድ ትንሽ ሥራ ጀምረናል። በአንድ ደብተር ላይ በየወሩ ከሐይቁ የሚወጣውን የዓሣ ዓይነት፥ ርዝመቱንና እንቁላል መያዙን እንጽፋለን። ሽማግሌውም ስለ ወንዙ የሚያውቁትን ነገሩን፤ እርሱንም ጽፈነዋል። እስካሁን የሞላው ጥቂት ገጽ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጆች ሳለን፥ ጴጥሮስና ጓደኞቹ ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ባዶ መረባቸውን ያጠቡበትን ታሪክ ሰምተናል። ባዶ መረብ ምን እንደሆነ የሚያውቁ የጉባ አባቶች ናቸው፤ ልጆቻቸው እንዳያውቁት ግን ከዛሬ ጀምሮ መሥራት አለብን።

እኛ በዚህ ዓመት እንሰናበታችኋለን። ስለዚህ እናንተ የ11ኛ ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፥ ደብተሩን በዛሬው ቀን በወላጆቻችን ፊት እናስረክባችኋለን። መምህሮቻችን እንድትመረምሩት፥ ወላጆቻችን ያወቃችሁትን እንድትነግሩን እንለምናለን። የሚቀጥለው ክረምት ከመግባቱ በፊት የመጀመሪያውን ገጽ አንብቡት።

እግዚአብሔር አገራችንንና ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።