ስለ ካሚዮን ሞተር ዘንግ ማቀፊያና ስለ ትክክለኛ ልክ



አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ በመጀመሪያ የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ መኪና ከከተማ ወደ ገጠር እየዘለቀ ሄዶ፥ ዛሬ የከላላና የመካነ ሰላም ገበሬ እህሉን ወደ ደሴ የሚልከው፥ ማዳበሪያውንና የልጁን የትምህርት መጽሐፍ የሚቀበለው በካሚዮን ነው። መንገዱ ግን ዳገትና ቍልቍለት የበዛበት ስለ ሆነ ሞተርን እጅግ ያደክማል። ስለዚህ የሞተር ጤና በምን እንደሚጠበቅ ማወቅ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአገሬው ሁሉ ጉዳይ ነው።

በሞተር ውስጥ ፒስተኖች ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለሱ፥ ያን ምልልስ ወደ መዞር የሚለውጠው ክራንክ ሻፍት የሚባለው ጠማማ የብረት ዘንግ ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ይህን ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ በሰባት ስፍራ ደግፎ ይይዘዋል። በየድጋፉ ላይ የሚዞረውን ክብ ስፍራ የዘንጉ አንገት እንበለው። አንገቱን ከላይና ከታች ሁለት ግማሽ ቀለበቶች ያቅፉታል፤ ጋራዦች ብሮንዚን የሚሏቸው እነዚህ ናቸው። ውጫቸው ብረት፥ ውስጣቸው ለስላሳ ማዕድን ነው። አይዛክ ባቢት የተባለ አሜሪካዊ በ1839 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሥራ ቈርቈሮን ከጥቂት መዳብና ከአንቲሞን ጋር ቀላቅሎ አወጣ። ለስላሳ የሆነበትም ምክንያት ጕዳት ሲመጣ ርካሹ ማቀፊያ እንዲበላና ውዱ ዘንግ እንዲተርፍ ነው።

ዘንጉና ብሮንዚኑ ግን ሊነካኩ አይገባም። በመካከላቸው ዘይት ይገባል፤ ዘንጉም በሚዞርበት ጊዜ በዘይቱ ላይ ይንሳፈፋል። የክፍተቱ ልክ ብዙውን ጊዜ ከአንገቱ ወርድ አንድ ሺኛ ያህል ወይም ጥቂት ያነሰ ነው፤ ለ80 ሚሊሜትር አንገት ከ0.06 እስከ 0.08 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። ይህ ከራስ ጠጕር ውፍረት ጋር ይቀራረባል። ክፍተቱ ቢጠብ ዘይት ስለማይገባ ማዕድኑ ይቀልጣል፤ ቢሰፋም ዘይቱ ስለሚያመልጥ ግፊቱ ይወርዳል፥ ዘንጉም እየመታ ይንኳኳል።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። ጤፍ የጫነ ካሚዮን በዳገት ላይ ከሞተሩ በታች ወፍራም ድምፅ ማሰማት ጀመረ፤ የዘይት ግፊቱም ወረደ። ባለ ጭነቱ ገበያ እንዳያመልጠው መካኒኩን አጣደፈው። መካኒኩም አንገቶቹን ሳይለካ፥ «ትንሽ ተበልቷል» ብሎ 0.25 የሚባለውን ብሮንዚን ገዝቶ ገጠመ። ሞተሩ ተነሣ፤ ነገር ግን ብዙ ሳይርቅ ደርቆ ቆመ። ጭነቱ በሌላ መኪና ተጓዘ፤ ዘንጉም ተቃጥሎ ለመጣል በቃ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ስሕተቱን ሒሳብ ይገልጠዋል። አዲሱ አንገት 80.00 ሚሊሜትር ነበረ። በማይክሮሜትር ቢለካ ኖሮ በአንድ ወገን 79.82፥ በመስቀለኛው 79.70 ይገኝ ነበር፤ ስለዚህ አንገቱ ክብነቱን አጥቶ ሞላላ ሆኗል ማለት ነው። የ0.25 ብሮንዚን የውስጥ ወርድ፥ 0.08 ክፍተት ሲጨመርበት፥ 79.83 ነው። በአንዱ ወገን የቀረው ክፍተት 0.01 ብቻ፥ በሌላው 0.13 ሆነ፤ አንዱ ዘይት ከለከለ፥ ሌላው ዘይት አፈሰሰ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ብሮንዚን የሚሸጠው ብዙ ጊዜ በ0.25፥ በ0.50፥ በ0.75 እና በ1.00 ሚሊሜትር ደረጃ ነው። ዝቅተኛው ልክ 79.70 ስለ ሆነ ወደ 79.75 መመለስ አይቻልም፤ ስለዚህ አንገቶቹ ሁሉ በቶርኖ ቤት እስከ 79.50 ተሞርደው የ0.50 ብሮንዚን ይገዛላቸዋል። ትክክለኛው ቍጥር ግን ዘወትር ከሞተሩ ሠሪ መጽሐፍ ይወሰዳል።

ሲገጠምም ጥንቃቄ ያሻል። የዘይት ቀዳዳዎች ይጠረጉ፤ የብሮንዚኑም ቀዳዳ ከድጋፉ ቀዳዳ ጋር ይግጠም። ክዳኖቹ ቍጥር ስላላቸው አይለዋወጡ። ከብሮንዚን ጀርባ ወረቀት ወይም ቈርቈሮ መጎዝጎዝ፥ ክዳንንም በሞረድ ማሳነስ ክፉ ልማድ ነው፤ ሙቀት እንዳይወጣ ያግዳል፥ ክቡንም ያጣምማል። አንዱ ክዳን በታሰረ ቍጥር ዘንጉ በእጅ ይዙር፤ እንቢ ካለ ቡሎኑ ተፈቶ ምክንያቱ ይፈለግ። ክፍተቱንም ለማረጋገጥ ለዚህ የተሠራውን ስስ የፕላስቲክ ክር በአንገቱ ላይ አኑሮ፥ ክዳኑን በልኩ አስሮ መፍታትና የክሩን መደፍጠጥ በመለኪያው ማየት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ ካሚዮኑን ያቆመው የገንዘብ ወይም የጉልበት ማነስ ሳይሆን አለመለካት ነበረ። ተማሪ የነጥብ ቍጥር መደመርና መቀነስ ሲማር «ይህ ለምን ይጠቅማል?» ብሎ ቢጠይቅ፥ መምህሩ ከላይ ያለውን ሒሳብ በሰሌዳ ላይ ጽፎ ያስላው። ሽማግሌዎችም ሞተር በተፈታበት ስፍራ ቢገኙ፥ «ቶሎ በል» ከማለት ይልቅ «ለክተሃልን?» ብለው መካኒኩን ይጠይቁት። ለመለካት የሚያልፈው ግማሽ ቀን ለአገሩ እህልና ለባለ መኪናው ዘንግ ጥበቃ ነው።