ካሜራ የያዙ እጆች፤ ስለ ጄሲካ በሽርና ስለ ፊልሞቻቸው

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በለገዳዲ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች ያደረገችው ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ እንድናገር ዕድል ሲሰጠኝ ስለ አንድ የጦር ጀግና ወይም ስለ አንድ ሊቅ እናገራለሁ ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔ የመረጥሁት ግን ፊልም የሚያነሡ አንዲት ሐረር ያደጉ ሴት ናቸው። ስማቸው ጄሲካ በሽር ይባላል። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለምጠራ ይህን እንድታስቡልኝ አስቀድሜ እለምናለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ማስረዳት ይገባኛል። ፊልም ስናይ በልባችን የሚቀረው ተዋናዩ ነው፤ ጥቂቶቻችን ደግሞ የዲሬክተሩን ስም እናነባለን። ካሜራውን የያዘው ማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። ይኸው ያልተጠየቀው ሰው ብርሃኑ ከየት እንዲመጣ፣ ፊቱ ከቅርብ ወይስ ከሩቅ እንዲታይ፣ ካሜራው እንዲሄድ ወይስ ጸጥ ብሎ እንዲቆም የሚያስብ ነው። ዲሬክተሩ ታሪኩን ይመራል፤ ካሜራ ያዡ ታሪኩ ለዓይን ምን እንደሚመስል ይሠራል።

ይህ ሥራ በዓለም ሁሉ ለብዙ ዘመን በወንዶች እጅ ኖሯል። በአሜሪካ የኦስካር ሽልማት መሰጠት የጀመረው በ1929 ሲሆን፣ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ለፊልም አንሺዎች የተለየ ሽልማት ነበረው። አንዲት ሴት ለዚህ ሽልማት የታጨችው ግን በ2018 ነው። እርሳቸውም «መድባውንድ» የተባለውን ፊልም ያነሡት ሬቸል ሞሪሰን ናቸው። በዚያው ዓመት ዓለም ሁሉ ያየውን «ብላክ ፓንተር»ንም ያነሡ እርሳቸው ነበሩ፤ ቆይተውም ወደ ዲሬክተርነት ተሻግረው በ2024 ስለ አንዲት ሴት ቦክሰኛ የሚተርክ «ዘ ፋየር ኢንሳይድ» የሚባል ፊልም አወጡ። ከ1929 እስከ 2018 ሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ነው! አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ የሚፈራረቁበት ዘመን ማለት ነው።

ወደ እኛይቱ ሴት ልመለስ። ጄሲካ በሽር የተወለዱት በሜክሲኮ ከተማ ነው፤ እናታቸው ሜክሲኳዊት፣ አባታቸው ኢትዮጵያዊ ናቸው። ያደጉት ግን ሐረር ነው። በ16 ዓመታቸው በጊዜው በነበረው የፖለቲካ ችግር ምክንያት ሀገር ለቀው ሄዱ። የክፍል ጓደኞቼ እዚህ ላይ ትንሽ እንድትቆሙልኝ እፈልጋለሁ፤ 16 ዓመት ማለት እኮ 10ኛ ክፍል ማለት ነው። በ10ኛ ክፍል ዕድሜ የለቀቁት ሀገር በሰው ልብ ውስጥ ሳያረጅ የሚቀር ይመስለኛል። እርሳቸውም በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልምና ሥነ ጽሑፍ ተማሩ፤ በኋላም ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ተቀመጡ።

በ2016 በብሩክሊን በአንዲት ሳንቃ ላይ እየቆመ በእግሩ ምት ስለሚጨፍር ሰው አንድ አጭር ፊልም ሠሩ። በ2017 ደግሞ «ሐይራት» የተባለውን አወጡ፤ ይህም ከሐረር ግንብ ውጭ ሌሊት ሌሊት ጅቦችን ስለሚያበሉት ስለ ዩሱፍ ሙሜ ሳለህ ነው። ጅብ ማብላቱን ቱሪስቶች ብዙ ጊዜ ፎቶግራፍ አንሥተውታል፤ ነገር ግን የቱሪስቱ ሥዕል ጅቡን ብቻ ያሳያል። በ«ሐይራት» ግን የሚታየው ሰውየውና ሌሊቱ ነው። ፊልሙ በሰንዳንስ የፊልም በዓል ታይቷል።

ትልቁ ሥራቸው «ፋያ ዳዪ» ይባላል። ቃሉ የጫት ገበሬዎች በአዝመራ ጊዜ ከሚያዜሙት የተወሰደ ሲሆን፣ ጤናን መውለድ እንደማለት ነው። ሁለት ሰዓት ያህል የሚፈጀው ይህ ፊልም በጥቁርና ነጭ የተነሣ ነው፤ ለመሥራትም ዐሥር ዓመት ያህል ፈጅቷል። ዲሬክተሩም፣ ካሜራ ያዡም እርሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ነገሩ ስለ ጫት ነው። በሐረርጌ ቡና ይበቅልበት የነበረውን መሬት ጫት እየወሰደው መሄዱን መምህራኖቻችን ነግረውናል። ጫት ሳይጠወልግ መድረስ ስላለበት ሠራተኛው ሌሊቱን ሙሉ ሲለቅም፣ ሲያስርና ሲጭን ያድራል። ፊልሙ የሚያሳየው እነዚያን እጆች ነው። በመካከሉም መሐመድ የሚባል የ14 ዓመት ልጅ አለ፤ አባቱ በጫቱ ምክንያት ጠባያቸው ሲለዋወጥበት ባሕር ተሻግሮ መሄድን ያስባል። ከዚሁ ጋራ የማይሞቱበትን ውሃ፣ «ማኡል ሐያት»ን፣ ፍለጋ ስለወጡ ሰዎች የሚነገር የሱፊዎች ተረት ተሸምኖበታል።

አንዳንድ ሰው ይህ ፊልም ጫትን ይደግፋል ወይስ ይቃወማል ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እኔ ያየሁት በትንሽ የስልክ መስኮት ቢሆንም፣ ለዚህ ጥያቄ ያገኘሁት መልስ ፊልሙ አይሰብክም የሚል ነው። ተግሣጽ እኛ ወጣቶች ብዙ ሰምተናል፤ «ለጥናት ያነቃል» እያሉ የሚቅሙትም ሰምተውታል። የሚቅመው ልጅ ለምን ከቤቱ፣ ከሀገሩ ወጥቶ መሄድን እንደሚመኝ ግን ተቀምጦ የሚያዳምጥ ጥቂት ነው። ጄሲካ በሽር ዐሥር ዓመት ተቀምጠው አዳመጡ። ፊልሙ ዝግ ያለ ነው፤ የሚቸኩል ሰው ይሰለቸዋል፤ ይህን አልደብቅም። ይሁን እንጂ ዝግታው ጉድለት ሆኖ አልታየኝም። ካሜራ ያዡና ዲሬክተሩ ሁለት ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ፣ ብዙ መብራትና ብዙ ሠራተኛ ይዘው ወደዚያ ጭስ ወደ ሞላው ጠባብ ክፍል ቢገቡ ኖሮ፣ ያ ልጅ ያን ያህል ልቡን ይከፍት ነበር ብዬ አላምንም።

«ፋያ ዳዪ» በ2021 በሰንዳንስ ታየ፤ በዚያው ዓመት በስዊዘርላንድ በኒዮን ከተማ በሚደረገው «ቪዚዮን ዱ ሬል» በተባለው የፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት አገኘ። ለ2022 ኦስካር በዘጋቢ ፊልም በኩል ከቀሩት 15 ፊልሞች አንዱ ሆነ።

ከእርሳቸው በፊትም መንገዱን የጀመሩ ነበሩ። ሳሌም መኩሪያ በአሜሪካ በዌልስሊ ኮሌጅ ያስተማሩ ኢትዮጵያዊት ናቸው። በ1991 «ስደት» በተባለው ፊልማቸው በሱዳን የነበሩ ስደተኞች ሴቶችን አሳዩ፤ በ1997 ደግሞ «የወንዝ ማይበል» በተባለው በቀይ ሽብር ዘመን ስላጧቸው ስለ ወንድማቸውና ስለ ልብ ጓደኛቸው ተናገሩ። እንግዲህ አንዲት እኅት ስለ ጠፋ ወንድሟ ካሜራ ይዛ ስትጠይቅ፣ ካሜራ መጫወቻ ነው የሚል ሰው ምን ይመልሳል?

ወላጆቻችን ሆይ፤ ይህን ሁሉ የተናገርሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከእኛ መካከል ሐኪም፣ ኢንጂኔር፣ ነርስ እሆናለሁ የምትል ልጅ ምርቃት ታገኛለች። ካሜራ ይዤ እሠራለሁ ያለች ልጅ ግን «የሠርግ ቪዲዮ ልታነሺ ነው?» ተብላ ይሳቅባታል። የሠርግ ቪዲዮም ቢሆን እንጀራ ነው፤ አያስቅም። ሥራው ሌሊት ያስመሻል፣ ሩቅ ያስኬዳል ብላችሁ መስጋታችሁ ግን እውነተኛ ሥጋት ስለሆነ አልንቀውም።

ስለዚህ ርእሰ መምህራችንንና እናንተን የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ትምህርት ቤታችን የኳስ ቡድን አለው፤ መዘምራንም አሉት፤ የፊልም ክበብ ግን የለውም። ሴቶችም ወንዶችም እኩል ካሜራ የሚይዙበት ክበብ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከትምህርት በኋላ ለአንድ ሰዓት፣ መምህር ባለበት እንዲፈቀድልን እንለምናለን። በስልክ እንጀምራለን።

የመጀመሪያውን ፊልም አስበነዋል። የለገዳዲ ግድብ ውሃ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ በዚሁ በአካባቢያችን ደግሞ ቢጫ ጀሪካን ይዘው በማለዳ የሚሰለፉ እናቶች አሉ። ግድቡንና ጀሪካኑን በአንድ ፊልም ውስጥ አንድ ላይ ለማሳየት እንፈልጋለን። እናቶቻችን ፈቃዳቸው ከሆነ ከእነርሱ ጋራ በሌሊት ተነሥተን እንሄዳለን።

የመመዝገቢያው ወረቀት ከዛሬ ጀምሮ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተለጥፏል።